ከአንድ እስከ አምስት

አሁንም ሃያ ነው፣ አልተሳሳትሁም፣ ሦስተኛ ጊዜ ቆጠርሁት ሃያ ነው፣ ንባብ ቤት ሃያ፣ ሕፃናት ማቆያ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ድምሩ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በሕንፃችን ካሉት አርባ ሦስት ቤቶች ድምፅ የሰጡት ሠላሳ ዘጠኝ፣ ስለዚህ ልክ ነው፣ ተመስገን፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሽማግሌ በአንድ ላፕቶፕ ፊት እንደ ተፈታኝ ሦስቴ ይቆጥራልን? ይቆጥራል። መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ አደርገዋለሁ፣ ቁጥሩ አልተለወጠም። ሃያ።

አሸነፍን። አሸነፍን ልበል ወይስ አሸነፈ? እኔ የምርጫው አስፈጻሚ ነኝ፣ አስፈጻሚ ወገን የለውም፣ ይህን በነዋሪዎች ግሩፕ ላይ በገዛ ጣቴ የጻፍሁት እኔው ነኝ፣ ልብ ግን ግሩፕ አያነብም፣ ልብ የወደደውን ያውቃል፣ ከመግቢያው በስተግራ ያለው ባዶ ክፍል፣ ያ ሦስት መስኮት ያለው፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ብርሃን የማይለየው፣ ንባብ ቤት ሊሆን ነው፣ መጻሕፍቴ ከአልጋ ሥር ሊወጡ ነው። ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ በኖርሁበት ሠላሳ ዓመት፣ ካረምሁት ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ፣ በካርቶን፣ በአልጋ ሥር፣ በኮሪደር፣ ከበሩ ጀርባ፣ ባለቤቴ አንዱ ካርቶን እግሯን በመታት ቁጥር ወይ እኔ ወይ እነሱ ትላለች፣ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋትም። አሁን መልስ አለኝ። መደርደሪያ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዐሥራ ሁለት ወንበር፣ ከሰዓት በኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል ሌላው ያዳምጣል፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ጆሮ አለውና።

ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ፣ ሰውዬ! ትላለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት። መጣሁ። አልመጣም። ገና ስድስት ሰዓት ነው፣ ውጤቱ በዐሥር ሰዓት ከደረጃው ሥር ይነገራል፣ እስከዚያ ይህን ደስታ ማን ይሸከምልኝ?

ምርጫ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! አምና የአጥሩን ቀለም እጅ በማውጣት መረጥን፣ አምስት ቀለም ቀርቦ ዐሥራ ሁለት እጅ ያገኘው አረንጓዴ አሸነፈ፣ የቀረው ሕዝብ እስከ ዛሬ የዐሥራ ሁለቱ አጥር እያለ ያልፈዋል። ዘንድሮ ግን ሰው አምስቱንም አማራጭ በተርታ ያስቀምጣል፣ አንደኛ የወደደው፣ ሁለተኛ የወደደው፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛ፣ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ትንሹ ይወጣል፣ የመረጡት ሰዎች ድምፅ ግን አብሮት አይቀበርም፣ ተነሥቶ ሁለተኛ ወዳሉት ይሻገራል፣ ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ከቪዲዮ ተማርሁት፣ አፉ እንደ ስፌት መኪና የሚፈጥን ጎልማሳ ነው የሚያስተምረው፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስሁ፣ ፎርሙን ራሴ ሠራሁ፣ ሊንኩን ራሴ በግሩፑ ላክሁ፣ መልሱም እንደ ካፊያ አንድ አንድ እያለ ሠንጠረዡ ውስጥ ጠብ ሲል፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ አምድ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሣሁም ብል ውሸት አይሆንም። በልጅነቴ የበዓላትን ቀን ማውጫ ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ያስተማሩኝ የኔታ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ካልሞሉ ስሌትህ ውስጥ ሌባ ገብቷል ይሉኝ ነበር፣ እዚህም በየዙሩ ድምሩ ሠላሳ ዘጠኝ ካልሞላ ሌባ አለ። ሞልቷል። በየዙሩ ሞልቷል።

አንደኛ ዙር፣ ንባብ ቤት ዐሥራ አንድ፣ ማቆያ ዐሥር፣ ስፖርት መሥሪያ ስምንት፣ ልብስ ስፌት ስድስት፣ ዕቃ ማስቀመጫ አራት፣ ዕቃ ማስቀመጫ ወጣ፣ ቀጥሎ ስፌት ወጣ፣ ድምፁ ወደ ማቆያ ጎረፈ፣ ማቆያ ዐሥራ አምስት እኛ ዐሥራ አራት ስፖርት ዐሥር፣ እግዚኦ፣ ከዚያ ስፖርት ወጣ፣ ከዐሥሩ ስድስቱ ወደ እኛ! ጡንቻ ፈላጊ ሁሉ መጽሐፍ ይወድዳል ብሎ ማን አሰበ? ሃያ!

እነማን ይሆኑ? የቤት ቁጥር የጠየቅሁት አንድ ቤት ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ ነው፣ ማን ምን እንደ መረጠ ለማየት አይደለም፣ አላይም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፣ ግን የወደዱኝን ሰዎች ብቻ ባይስ፣ ላመሰግናቸው ባይሆን በልቤ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኔ ወደ ግራው አምድ ሸርተት ይላል። ቤት ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ጎሽ። ቤት ቁጥር ሠላሳ። ቤት ቁጥር ዘጠኝ።

ዘጠኝ? ዘጠኝ ጋሽ ኤክስ ነው። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረው፣ ተማሪዎቹ ኤክስ ብለው የሰየሙት፣ ከሠርጌ ጀምሮ ወዳጄ የሆነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደረጃው ላይ ቆሞ መጽሐፍህ አቧራ ነው ሊቁ፣ አቧራን ክፍል አይሰጡትም፣ እኛ የሚያስፈልገን ዕቃ ማስቀመጫ ነው ያለኝ፣ ለዚያች ጎማ ለሌላት ብስክሌቱ ብሎ። እርሱ ነው ለንባብ ቤት 1 የሰጠው? አንተ ተንኮለኛ! በአፍህ እየሰደብኸኝ በልብህ ከእኔ ጋራ ነበርህ! ዓይኔ እንባ አቅርሯል፣ ሳቄ ይመጣል፣ ረድፉን እስከ ዳር እከተለዋለሁ፣ ንባብ ቤት 1፣ ማቆያ 3፣ ስፖርት 2፣ ስፌት 4፣ ዕቃ ማስቀመጫ 5።

ዕቃ ማስቀመጫ አምስተኛ። የጋሽ ኤክስ። ብስክሌቷስ?

አይሆንም። ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል፣ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ጋሽ ኤክስ አይለውጥም። እደውልለታለሁ፣ ስልኩ ይጠራል፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አቤት ሊቁ፣ ውጤቱ ደረሰ እንዴ? አልደረሰም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለዕቃ ማስቀመጫው ስንት ሰጠኸው? አምስት ነዋ! ከአምስት አምስት፣ ድፍን! ለንባብ ቤቱስ? እህ፣ እንግዲህ አትቀየመኝ፣ አንድ ሰጠሁት፣ ያውም ስለ ወዳጅነታችን ብዬ ነው፣ ዜሮ ልሰጠው ብሞክር ፎርምህ እንቢ አለኝ።

ጋሽ ኤክስ፣ አንድ ማለት አንደኛ ማለት ነበር። የት ላይ ተጽፏል? ከአንድ እስከ አምስት ስጡ ነው የሚለው፣ እኔ አርባ ዓመት ማርክ ስሰጥ የኖርኩ ሰውዬ ከአንድ እስከ አምስት ስጥ ካልከኝ ለጎበዙ አምስት ለሰነፉ አንድ እሰጣለሁ፣ ምን ላድርግ ታዲያ፣ ጎረቤታችን የፊዚክስ መምህሯም እንደኔው ነው የሞላችው፣ አጠገቤ ተቀምጣ። አሌ ሊተ፣ ወዮልኝ። ምን አልክ? ምንም፣ ቻው ጋሽ ኤክስ።

ፎርሙን እከፍታለሁ። ለእያንዳንዱ አማራጭ ከ1 እስከ 5 ስጡ፤ አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ አትስጡ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም። የሰው ነጠላ ሰረዝ ሳሳድድ ሠላሳ ዓመት የኖርሁ እኔ፣ የገዛ ራሴን አንዲት መስመር ማንም ሳያርማት ለሕዝብ ላክኋት፣ እኔ የገባኝ ሁሉ ለሰው የሚገባ መስሎኝ። ያውም ለማን! ይህን ሕንፃ ያሠራው የመምህራን ማኅበር ነው፣ ከአርባ ሦስቱ ቤት እኩሌታው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ ያልወጣ ሕዝብ፣ ለዚህ ሕዝብ ከአንድ እስከ አምስት ስጡ ይባላል? ንባብ ቤትን እጅግ የጠሉት ናቸው በትከሻቸው ተሸክመው ያነገሡት። ከእርሱ ቀጥሎ የናቁት ሁሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመዝግቧል። የተገለበጠው ረድፍ ግን የትኛው ነው? ከረድፉ አይታወቅም። የጋሽ ኤክስን ያወቅሁት ጋሽ ኤክስን ስለማውቀው ነው፣ ቤት ቁጥር ሠላሳን፣ ቤት ቁጥር ዐሥራ አራትን በምን አውቃቸዋለሁ?

ማንም አያውቅም።

ማንም አያውቅም፣ ሠንጠረዡን የማየው እኔ ብቻ ነኝ፣ ድምሩ ሞልቷል፣ ጋሽ ኤክስ እንኳ ስንት ለስንት እንደ ሆነ አያውቅም፣ ቢሰማም አንተ አስተካክለህ አልነበረም ወይ ብሎ ያልፋል፣ መጻሕፍቱ ይወጣሉ፣ ሰው ያነባል፣ ንባብ ደግሞ ክፉ ነገር አይደለም፣ ለሕዝብ የሚበጅ ነገር በሕዝብ ስሕተት ቢመጣ ምን አለበት፣ እያልሁ ነው፣ እኔ ነኝ ይህን እያልሁ ያለሁት? የሦስተኛ ፎቁ ነርስ ዛሬ ጠዋት በደረጃው ላይ አገኘችኝ፣ ልጇን በጎኗ አቅፋ፣ በሌላው እጇ የሥራ ቦርሳዋን ይዛ፣ አባባ ውጤቱ ዛሬ ነው አይደል? ዛሬ ነው ልጄ። ማቆያው ካልሆነ እኔ በዚህ ወር መጨረሻ ሥራ መልቀቄ ነው፣ ማንንም ላስቸግር አልችልም ከእንግዲህ፣ ይጸልዩልኝ እሺ? እጸልያለሁ አልኋት። በአንድ ድምፅ ተሸነፈች። በጋሽ ኤክስ ድምፅ፣ ለእኔ በወደቀው፣ ለእኔ ባልተሰጠው።

የኔታ ጥቁሩን ሰሌዳ በእጃቸው መዳፍ ያጠፉት ነበር፣ ሙሉውን፣ ከመሐሉ አንድ ቁጥር ተሳስቼ፣ እስከ ታች ድረስ የጻፍሁትን ሁሉ፣ የኔታ ስሕተቱ አንድ ናት እኮ ብላቸው፣ አንድ ናት፣ የወለደቻቸው ግን ብዙ ናቸው ብለው ሳቁብኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሁን ግን አላለቅስም፣ የሚገርመው አላለቅስም፣ ስድስት ተኩል ሆኗል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል አለ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ብዙ ነው!

ጻፍ። የተከበራችሁ ነዋሪዎች ሆይ፤ ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ፣ 1 ማለት የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑን ሳልጽፍ በመቅረቴ፣ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ለምትወዱት 1፣ አንዳንዶቻችሁም ለምትወዱት 5 ሰጥታችኋል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም። የቀድሞው ምርጫ ተሽሯል። አዲሱን ፎርም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትሞሉልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ጣቴ ከመላኪያው ላይ ቆሟል፣ ንባብ ቤቴ፣ ሦስት መስኮት፣ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ሂድ። ሄደ። ወዲያው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ግሩፑ ተነሣ፣ እኔም 5 ነው የሰጠሁት ለማቆያ! እኔም! ቆይ እኔስ ስፌት ቤቱን ነው የገደልኩት ማለት ነው? ሊቁ ወደቀ፣ ከአምስት አንድ! ይህ ጋሽ ኤክስ ነው። አይዞዎት አባታችን፣ እኛም ፈተና ስንት ጊዜ አበላሽተናል። ሳቅሁ። በስድሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተዋርጄ እንዲህ የቀለለኝ ቀን አላስታውስም።

አዲሱ ፎርም ቁጥር የለውም። አንደኛ ምርጫዬ፣ ከሥሩ አምስቱ ስም ተደርድሮ አንዱን መንካት ነው፣ ሁለተኛ ምርጫዬ፣ እንደዚሁ። በሰው መሞከር አለብኝ፣ ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ እመቤት፣ ነይ እስኪ፣ ይህን አንብቢና የገባሽን ንገሪኝ። እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች፣ ሾርባውን ለድመት ልስጠው ወይስ ትበላለህ? ቆይ፣ አንብቢ። አነበበች። ገባኝ፣ የመጀመሪያውንስ ፎርም ማን ሞላው? ያው እኔ። የቤታችንን? አዎን፣ በየቤቱ አንድ ድምፅ ነው የተባለው። አንድ ድምፅ፣ እና እኔን ማን ጠየቀኝ?

የምርጫ ፍትሕን ለአርባ ሦስት ቤት ሳስተምር ሦስት ሳምንት ከረምሁ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ያለችውን ሴት አልጠየቅኋትም፣ መጠየቅም አልታሰበኝም፣ አርባ አራት ዓመት፣ እግዚኦ መሐረነ፣ ምን ዓይነት አስፈጻሚ ነው ይህ? ይቅርታ፣ ልክ ነሽ፣ እንካፈል። እንዴት? አንደኛውን አንዱ፣ ሁለተኛውን ሌላው፣ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ዕጣ እንጣል። ተወው፣ አንደኛውን አንተ ውሰድ፣ ካርቶኖችህ ይውጡልኝ እኔም፣ ሁለተኛውን ግን ስጠኝ። ጣቷን ዘረጋች፣ ሳታመነታ ማቆያ ላይ አሳረፈችው። ለምን ማቆያ? የነርሷ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን የት የምትውል ይመስልሃል? የት? እዚሁ! እዚህ ሳሎን ውስጥ! አንተ መጽሐፍህን ተሸክመህ በአጠገቧ ታልፋለህ፣ አንድ ቀን ጭንቅላቷን እንደ ትራስ ነካ አድርገህ አልፈሃል፣ ባለፈው ማክሰኞ ካርቶንህ ላይ ቆማ ስትጨፍር ነበር። ማክሰኞ? ማክሰኞ ምን እያነበብሁ ነበር? ሦስተኛ ስፌት፣ አራተኛ ስፖርት፣ አምስተኛ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ይቅርታ ጋሽ ኤክስ፣ ላክ። የመጀመሪያው ረድፍ የእኛ ሆነ።

ሰባት ሰዓት፣ ዐሥራ ሁለት ረድፍ። ስምንት ሰዓት፣ ሃያ ስድስት። በዚህኛው የቤት ቁጥሩን አምድ ተደጋጋሚ እንደሌለ ለማረጋገጥ ብቻ አየዋለሁ፣ ከዚያ እደብቀዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አልወድቅም። ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠላሳ ስምንት። ዘጠኝ ተኩል፣ አርባ አንድ፣ ቀድሞ ያልመረጡ ሁለት ቤቶች ደግሞ ተጨመሩ፣ ይህን ጭቅጭቅ ሰምተው ይሆናል፣ ጭቅጭቅ ለካ ሕዝብ ይጠራል። ለማሸነፍ ሃያ አንድ ያስፈልጋል። ልጀምር።

አሐዱ፣ አንደኛ ዙር። ማቆያ ዐሥራ ሁለት፣ ዕቃ ማስቀመጫ ዐሥራ ሁለት፣ ንባብ ቤት ስምንት፣ ስፖርት ስድስት፣ ስፌት ሦስት። ስምንት። ስምንት ሰው በእውነት መጽሐፍ ይወድዳል፣ ዐሥራ አንድ ከነበረው ውሸት ይህ ስምንት ይበልጥብኛል፣ ስምንቱን አውቃቸው ዘንድ እወድ ነበር። ክልኤቱ። ስፌት ወጣ፣ ሁለቱ ወደ ማቆያ አንዱ ወደ እኛ፣ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ድምሩ አርባ አንድ፣ ሌባ የለም። ሠለስቱ። ስፖርት ወጣ፣ ሦስቱ ወደ ማቆያ፣ ሁለቱ ወደ ዕቃ ማስቀመጫ፣ አንዱ ወደ እኛ፣ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ አራት፣ ዐሥር፣ አርባ አንድ። ትንሹ ማን ነው?

ትንሹ እኛ ነን።

ንባብ ቤት ወጣ። አልሁት። አምዱን በግራጫ ቀለም እሞላዋለሁ፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው፣ ሞላሁት፣ አለቀ፣ አላመመኝም ልበል? አመመኝ። ቆይ ግን፣ ዐሥሩ ድምፅ ገና አለ፣ ዐሥሩ ሊሻገር ነው፣ ማቆያ አራት ይጎድለዋል፣ ዕቃ ማስቀመጫ ሰባት፣ ሁለቱም ይቻላል! ከታች ወደ ላይ ልሂድ፣ አንድ አንድ እያልሁ፣ አርባኛው ረድፍ ሁለተኛ ምርጫው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ዐሥራ አምስት። የሚቀጥለው ደግሞ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ዐሥራ ስድስት፣ እናንተ መጽሐፍ ወዳዶች ምን ሆናችኋል፣ ማቆያ፣ ዐሥራ ስምንት፣ ተመስገን፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ዐሥራ ሰባት፣ ማቆያ፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ኧረ በሥላሴ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ለዐሥራ ዘጠኝ፣ ማቆያ፣ ሃያ! አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ ስጡኝ፣ ዕቃ ማስቀመጫ። ሃያ ለሃያ።

አንድ ረድፍ ቀረ። ከላይ የመጀመሪያው።

ሰውዬ ምን ሆንክ፣ ለምን ብቻህን ትጮኻለህ? ነይ፣ ነይ ወዲህ፣ መነጽርሽን አድርጊ፣ ይህን ረድፍ አንብቢልኝ፣ እኔ አላነበውም፣ አንደኛው ወጥቷል፣ ግራጫ የሆነውን ተዪው፣ ሁለተኛው ምን ይላል? ማቆያ ይላል፣ ያው እኔ የነካሁት አይደል እንዴ? አዎን አንቺ የነካሽው ነው፣ እስኪ አሁንም ንኪው፣ ወደዚያኛው አምድ ጎትቺው፣ እንዲህ፣ በዚህ ጣትሽ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ! ምንድነው ሃያ አንድ? ከታች ሰዎች እየተሰበሰቡ ነው፣ በመስኮቱ ይሰማኛል፣ ጋሽ ኤክስ እያሳቃቸው ነው፣ የሕፃን ሳቅም አለ፣ ጫማዬን፣ ጫማዬን ወዲህ በይ፣ አይደለም አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ? ምን ብዬ? ማቆያ ሃያ አንድ በይ፣ ነርሷ ይገባታል፣ የቀረውን እኔ እደርስበታለሁ፣ ደረጃውን ሳልወድቅ ከወረድሁ።